የደብረ ታቦር ባቡር ጣቢያ አጭር ታሪክ

«ዛሬስ ይመጣል?» አሉኝ እመት ደብሪቱ፣ የገዛ ጥላዬን በእግሬ እየለካሁ ሳለ።

አምስተኛው ጫማ ላይ ነበርሁ። ቆጠራ ላይ ያለን ሰው ማናገር ነውር መሆኑን በትሕትና ነገርኋቸው። እሳቸውም ነውሩን ተቀብለው፣ እስክጨርስ ታግሠው፣ ያንኑ ጥያቄ ደገሙልኝ። የጋቢው ጫፍ ከነጠላቸው ጫፍ ጋር የተቋጠረው አያ ፈንቴ ግን ሣሩ ላይ እንደ ተጋደመ፣ «ዋርሳዬ፣ ቢመጣስ እኔን ትቶ አንቺን የሚጭን መሰለሽ?» አለና ቆሎውን መቆርጠም ቀጠለ። ቆሎው የእመት ደብሪቱ ነበር።

ይህ የሆነው በደብረ ታቦር ባቡር ጣቢያ ደጃፍ ነው።

*

ሰው ስለ አገሩ ሲያወራ «የመጀመሪያው» የሚለውን ቃል ይወዳል። የመጀመሪያው ድልድይ፣ የመጀመሪያው መድፍ፣ የመጀመሪያው ጃንጥላ። የመጀመሪያው የባቡር ጣቢያ ደግሞ ቆላ ውስጥ፣ ሐዲዱ በገባበት አገር ነው ይላሉ። ይበሉ። በስተርጅናዬ ወርጄ አይቼዋለሁ፤ መልካም ቤት ነው፣ ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። ነገር ግን ከእኛው ጋር ሲተያይ ገና ትናንት የተወለደ ሕፃን ነው። የእኛው ጣቢያ ተሠርቶ፣ አገልግሎ፣ አርጅቶ፣ ሣር ክዳኑ በስብሶ ሲወድቅ ያኛው ገና አልታሰበም። እርግጥ የእኛው ሐዲድ አልነበረውም። ባቡርም አልነበረውም። ለእነዚህ ሁለት ነገሮች ጉድለት ብሎ ታሪክ የሚነሣንን ሰው አልጣላውም፤ ጥቂት ግን ያሳዝነኛል።

የቀረው ሁሉ ነበረው። በር ነበረው። ሰዓት ነበረው። በረኛ ነበረው፤ እኔ ነኝ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚጠብቅ ሰው ነበረው። ለመሆኑ ጣቢያ ማለት ሌላ ምንድን ነው?

*

ነገሩ የተጀመረው ጋፋት ላይ ነው። ንጉሡ ለፈረንጆቹ ብረት የሚያቀልጡበት ስፍራ የሰጧቸው እዚያ ነበር፤ ሥራ የፈታ የከተማ ሰው ሁሉ እየሄደ ጭሱን ያያል። እኔ በዚያን ጊዜ ቅኔ ቤቱን ትቼ፣ ወይም ቅኔ ቤቱ እኔን ትቶኝ፣ ለባላምባራስ ጓንጉል ደብዳቤ እጽፍ ነበር። ባላምባራስ የአንዲት ትንሽ አገር ሹም ናቸው። ግቢ ከረሳቸው ሁለት ክረምት አልፏል። አንዳንድ ሹም መረሳትን እንደ ጤና ይቆጥረዋል፤ እሳቸው እንደ በሽታ ነበር የያዛቸው። መድኃኒት ፍለጋ ጋፋት ወረዱ፤ እኔም ቀለሜን ይዤ ተከተልሁ።

እዚያ አንድ ቀይ ጢም ፈረንጅ ከምድጃው ራቅ ብሎ ላቡን ሲያደርቅ አገኘነው። አማርኛ የተማረው ከአማቱ ስለ ነበረ እንደ ባልቴት እያዘነና እየመረቀ ነበር የሚናገረው። ስለ አገሩ ጠየቅነው። በአገሩ ሁለት ረዣዥም ብረት ከከተማ እስከ ከተማ ጎን ለጎን መሬት ላይ እንደሚዘረጋ፣ በዚያም ላይ እሳት የሚጎትተው ሠረገላ እንደሚሄድ ነገረን።

ባላምባራስ እንደ በቅሎ ገዢ መረመሩት። ምን ይበላል? እንጨት። ምን ይጠጣል? ውሃ፣ ብዙ ውሃ። ይራገጣል? ፊቱ የቆመ ሰው ካገኘ፣ አዎ። ዳገት ይወጣል? እየተነፈሰ። ይህን ሁሉ ሰምተው ብዙም አልተደነቁም፤ የሚጭን ነገር አይተው ያውቃሉ። በመጨረሻ ግን፣ ሰው የት ሆኖ ነው የሚጠብቀው? ብለው ጠየቁ።

ፈረንጁም ነገረን። ረዥም ቤት አለ። ሁለት በር አለው፤ አንዱ ወደ ከተማው፣ ሁለተኛው ወደ ብረቱ። ሰው በከተማው በር ገብቶ ይቀመጣል። ሰዓቱ ሲሞላ የብረቱ በር ይከፈታል፣ የከተማው በር ይዘጋል። የዘገየ ውጭ ይቀራል።

«ሹም ቢሆንስ?» አሉ ባላምባራስ።

ሹምም ቢሆን።

«የሹም ልጅስ?»

የንጉሥ ልጅም ቢሆን፣ አለ ፈረንጁ፣ እንደ አማቱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

ባላምባራስ ነገሩን አሰላሰሉት። በእኛ አገር የዘገየ ሰው ውጭ አይቀርም፤ የዘገየ ሰው ማለት ትልቁ ሰው ነው፣ ዓለም ቆሞ የሚጠብቀው። ሹምን ውጭ የሚያስቀር በር! እንዲህ ያለውን በር የሠራ ሹም እንዴት ይረሳል? ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀድም፣ ቤቱ ወይስ ብረቱ ብለው ጠየቁ። ፈረንጁ ደክሞት ነበር፤ ቀላሉ ቤቱ ነው አላቸው።

የጣቢያችን መሠረት የተጣለው በዚህች ቃል ነው። ብዙ ታላላቅ ሥራ ከቀላሉ በኩል ይጀመራል፤ ብዙውም እዚያው ይቀራል።

*

ቤቱ የቆመው ወደ ይፋግ መውጫ ላይ፣ ሜዳው ለጥ ባለበት ነው። ረዥም ሆነ። እኛ ክብ ቤት እንጂ ረዥም ቤት ስለማናውቅ አናጢዎቹ ምሰሶው የት እንደሚተከል ሁለት ቀን ተጣሉ፤ መካከል የሌለው ቤት ምሰሶም እንደሌለው መቀበል አቃታቸው። መንገደኛው ጋጣ ነው አለ። እንጨትና ሣር አምጡ የተባሉት ገበሬዎች ግን ምን እንደ ሆነ ባላምባራስን ጠየቁ። እሳቸውም የሚመጣውን መጠበቂያ ቤት ነው አሉ።

ገበሬዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ «አሃ!» አሉ። ስሕተቱ የተወለደው በዚያች «አሃ» ውስጥ ነው።

ከሩቅ ለመጣ አንባቢ ልንገር። በአገራችን የተበደለ ሰው፣ ወይም ሹመት የፈለገ ሰው፣ ትልቅ ሰው ደጃፍ ሄዶ ይቆማል። አይናገርም፤ ይቆማል። ወር ይቆማል፣ ዓመት ይቆማል። ጌታው በበቅሎ ሲወጣ እጅ ይነሣል፣ ሲመለስ እጅ ይነሣል። ይህ ደጅ ጥናት ይባላል፤ እንደ ማንኛውም ሙያ የራሱ ሊቃውንት አሉት። አጎቴ አራት ዓመት ደጅ ጠንቶ፣ ጌታው «ምን ፈለግህ?» ሲለው የመጣበት ጉዳይ ጠፍቶበት አመስግኖ የተመለሰ ሰው ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን በፀሐይና በዝናብ ነው፤ በደጅ ጥናት ላይ ጣራ የሠራ ሰው እስከዚያን ቀን አልተሰማም።

እንግዲህ አስቡት። ለመጠበቂያ ተብሎ ቤት ተሠራ። የሚመጣው በሰዓቱ ይመጣል ተባለ። ስፍራ አይለውጥም፣ ለትልቅ ለትንሽ አያዳላም ተባለ። ማን ቤቱ ይቀመጣል? ወሩ ሳያልቅ አርባ ያህል ባለጉዳይ ቤቱን ሞላው። ማርና በግ ይዞ የመጣም ነበር።

የሚመጣው ሠረገላ ነው ብዬ ነገርኋቸው፤ ደግሜ ነገርኋቸው። ማን ነው የሚቀመጥበት? አሉኝ። እንደናንተ ያለ ሰው አልሁ። እርስ በርሳቸው ተጠቃቀሱ። ምስጢር የሚጠብቅ በረኛ ነው ብለው አከበሩኝ።

ባላምባራስ በመጀመሪያ ተቆጡ። ኋላ ግን በዚያ ሲያልፉ አርባ ሰው ብድግ ብሎ እጅ እንደሚነሣቸው አስተዋሉ። መቆጣታቸውን ተዉት።

*

እኔ በረኛ የሆንሁት ጥላ መለካት ስለማውቅ ነው። ሜዳ ላይ ቀጥ ብለህ ትቆማለህ፤ የጥላህን ጫፍ ምልክት ታደርጋለህ፤ ተረከዝህን ከጣትህ እያጋጠምህ ትለካለህ። ከሰዓት በኋላ ጥላዬ ዘጠኝ ጫማ ሲሞላ በሩ ይዘጋል፤ የጣቢያው ሕግ ይህ ነው። በየቀኑ ለክቼ፣ የብረቱ በር የሚከፈትበት ጉዳይ ስለሌለ እሱን ትቼ፣ የከተማውን በር እዘጋ ነበር። የዘገየ ይመለሳል። በዚህ ረገድ ጣቢያችን ሐዲድ ካላቸው ጣቢያዎች ሁሉ ይበልጥ ነበር፤ አንድ ቀን አሳልፎ አያውቅም።

አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት። ደመና ሲሆን ጥላ የለም፤ ጥላ ከሌለ ሰዓት የለም፤ ሰዓት ከሌለ በሩ አይዘጋም። ይህን ያሰበበት ሰው አልነበረም፤ ከአንድ ሰው በቀር።

*

ያ ሰው አያ ፈንቴ ነው። እመት ደብሪቱ የሞተው ወንድሙ ሚስት፣ ዋርሳው ናቸው። ወንድሙ በሕይወት ሳለ «አንቱ» ነበር የሚላቸው፤ ክሱ ሲጀመር «አንቺ» አለ። ክሱ ስለ አንዲት የገብስ ማሳ ነው፣ ጉና ግርጌ ያለች። እሳቸው ማሳዋ የእናቴ ርስት ናት፣ ባሌ ቢሞት ከባሌ ወገን የሚያገናኛት የለም ይላሉ። እሱ ደግሞ ወንድሜ ሲያርሳት የኖረች መሬት ለእኔ ነው የምትገባ ይላል። የሰፈራቸው ጭቃ ሹም የፈንቴ አበልጅ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ እዚያ አያልቅም። እመት ደብሪቱ ወደ ንጉሡ ሰፈር ሁለት ጊዜ በእግራቸው ተጉዘው ነበር፤ ሁለት ጊዜም ሲደርሱ ሰፈሩ ተነሥቶ ያገኙት አመዱን ነው። «ልጄ፣ እኔ የሚዞር ዳኛ ሰልችቶኛል» አሉኝ የመጡ ዕለት። «ይኼኛው ከቦታው አይነቃነቅም አሉ።»

ዕውነታቸውን ነበር። ከቦታው አልተነቃነቀም።

በአገር ልማድ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ የልብሳቸው ጫፍ ተቋጥሮ አብረው ይውላሉ፤ ቁራኛ ይባላል። እነዚህ ሁለቱ ከፋሲካ ጀምሮ ተቋጥረው ይውሉ ነበር። ሲመሽ እሳቸው እኅታቸው ቤት፣ እሱ እኔ ዘንድ ያድራል፤ ጠዋት ዳግመኛ ይቋጠራሉ። አንዱ ሲያስነጥሰው ሌላው ይማርህ ማለቱ አይቀርም። እግርህ ሸተተኝ ይሉታል፤ ቆሎሽ አርሯል ይላቸዋል። አንድ ቀን እሾህ ወግቷቸው እሱ ሲነቅልላቸው አየሁ፤ ነቅሎ ሲያበቃ ማሳዋ የኔ ናት አላቸው።

ችግሩ ግን ክረምቱ መቅረቡ ነበር። ዘንድሮም ፈንቴ ካረሰ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አገሩ ሁሉ «የፈንቴ ማሳ» ማለቱ አይቀርም። እመት ደብሪቱ ደግሞ ቢፈረድላቸውም እንኳ በሬ የላቸውም፤ የሚያርስላቸው ወንድ ልጅም የላቸውም። ይህን በየቀኑ ያነሡታል፣ እንደ ዳዊት። እኔም እንደ ዳዊት ሰምቼ አሳልፈው ነበር፤ በደንብ መስማት ነበረብኝ።

*

ደመናው ጉና ላይ የተቀመጠ ሰሞን በሩን ሳልዘጋ አምስት ቀን አለፈ። በአምስተኛው ቀን አያ ፈንቴ በሬዬ ታሟል፣ ፍቱኝ አለ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። በግንቦት መጨረሻ የታመመ በሬ መድኃኒቱ ሞፈር እንደ ሆነ የማያውቅ ማን አለ?

ያልሳቁት እመት ደብሪቱ ብቻ ናቸው። ይሂድ፣ አሉ።

ሁላችንም ዞርን። ይሂድ፣ ግን ዋስ ይጥራ፤ በሦስተኛው ቀን ይህ በር ሲዘጋ ውስጥ ካልተገኘ ማሳዋ የኔ ናት፣ ከዚያ ወዲያ ነገር የለም፣ አሉ።

አያ ፈንቴ ወደ ጉና ቀና ብሎ ደመናውን አየው። ስንት ሌሊት እኔ ቤት አድሮ ስለ ጥላ ሙያ ሲጠይቀኝ ለዕውቀት መስሎኝ ነበር። ፈገግ አለና እሺ አለ። ባላምባራስ ጓንጉል በዚያ ሲያልፉ ነበር፤ አርባ ሰው ፊት ዋስ ከመሆን የሚበልጥ ክብር ስላልታያቸው ከበቅሎአቸው ሳይወርዱ፣ «እኔ ዋሱ ነኝ! በሩ ሲዘጋ ውስጥ ባይገኝ ማሳዋ የሷ ናት፤ ንጉሥ ይሙት!» አሉ።

ንጉሥ ይሙት ከተባለ በኋላ ወደ ኋላ የለም። የማለው ሰው ራሱም ቢሆን አይፈታውም።

ቋጠሮው ተፈታ። እመት ደብሪቱ ግን የነጠላቸውን ጫፍ እንደ ተቋጠረ ተዉት። ፈንቴ ሲሄድ ከኋላው፣ «በሬዎችህን አደራ፣ አንተ ፈንቴ!» ብለው ጮኹ። ደግ ሴት ናቸው ብዬ አሰብሁ። ወጣት ነበርሁ።

*

ሦስተኛው ቀን እንደ ረጠበ ባና ከብዶ ዋለ። እመት ደብሪቱ ከጠዋት ጀምረው ቁም አሉኝ፤ ከምለካበት ድንጋይ ላይ ቆምሁ። እሳቸው ፊቴ ተቀመጡ። ሰማዩን አያዩም፤ የሚያዩት እግሬን ነው። ባለጉዳዩም ሁሉ እየወጣ ዙሪያዬን ከበበ። ሰው በመልኩ ሲታይ፣ በልብሱ ሲታይ አውቃለሁ፤ በሌለ ጥላው እንደዚያ የታየ ሰው ግን ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም።

እመት፣ ጥላ የለም እኮ፣ አልኋቸው።

«ጥላማ አለ» አሉ። «ያልታየ ነው።»

እኩለ ቀን አለፈ። አንድ አሮጌ ወታደር ለሠላሳ ዓመት ደጅ ስጠና እንዲህ ያለ ደጅ አላየሁም አለ። ማንም አልሳቀም።

ቀኑ ዘንበል ሲል በጣና በኩል ደመናው ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ጠባብ ነበር፤ ፀሐይዋ ግን አገኘችው። ጥላዬ ሣሩ ላይ ወደቀ፣ ቀጭን፣ ጫፉ ወደ ጉና። በዚያው ጫፍ ትይዩ፣ ከዳገቱ ሥር፣ ሁለት ሰው ብቅ አለ። ባላምባራስ ጓንጉል በበቅሎ፣ ዋስ ናቸውና ሰውየውን ሊያመጡ ሄደው ነበር፤ ከጎናቸው አያ ፈንቴ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ጅራፉን ትከሻው ላይ ጥሎ። የሠርግ ቤት እንደሚሄድ ሰው ይንሸራሸሩ ነበር። ፀሐይዋን ባዩ ጊዜ ግን ቆሙ። ከዚያ ፈንቴ ሮጠ።

መለካት ጀመርሁ። አርባው ሰው አብሮኝ ቆጠረ። ሦስት! አራት! እንደ ማኅበር ጸሎት ነበር። በቅሎዋ እንኳ ትጋልብ ጀመር። ስድስት! ሰባት! የደመናው ጠርዝ ከጉና በኩል ሲመለስ ይታየኛል። ስምንት!

እዚህ ላይ ታሪክ ጸሐፊ ታማኝ መሆን አለበት። ዘጠኝ አልሁ። ዘጠኝ ስል ጥላው ሣሩ ላይ ነበር ወይስ ደመናው ቀድሞት ነበር? እኔ በዚያች ሰዓት እያየሁ የነበረው የእመት ደብሪቱን ነጠላ ቋጠሮ ነው።

ሁሉም ሮጦ ገባ። እንደ ሕጉ የብረቱ በር ይቀድማል። ከተሠራ ጀምሮ ተከፍቶ ስለማያውቅ የቆዳ ማጠፊያው ደርቆ ነበር፤ በትከሻዬ ገፋሁት፣ ተከፈተ። ውጭው ሜዳ ነው። ሁለት አህያ ይግጣል። አርባው ሰው በሩን ሞልቶ አየ፤ አንድም ሰው «የታለ?» አላለም።

እመት ደብሪቱ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱ። ነጠላቸውን አስተካክለው ደፉን ተሻገሩና በሜዳው ዞራ ወደ ጉና የምትወጣውን መንገድ ጀመሩ። አሮጌው ወታደር ምስክር ነኝ ብሎ ተከተላቸው። ከእሱ ኋላ ሌላው፣ ከሌላውም ሌላው። መንገዷ ቀጭን ስለሆነች አንዱ ካንዱ ኋላ፣ ረዥም ሆነው፣ ሳይቆሙ ሜዳውን አቋርጠው ሄዱ።

ወደ ከተማው በር ተመለስሁ። ባላምባራስ ከበቅሎአቸው ወርደው፣ «ቆይ! ጓንጉል ነኝ እኮ!» ይላሉ። አያ ፈንቴ ቀድሟቸዋል፤ አንድ እርምጃ ቀርቶታል፣ ትንፋሹ ተቆርጧል፤ በባዶው ቤት በኩል አሻግሮ ጀርባቸውን አየ።

«ዋርሳዬ፣ ይጠብቁኝ!» ብሎ ጮኸ። ከፋሲካ ወዲህ አንቱ ሲላቸው የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ደብተራ፣ በሞቴ አትዝጋ! ሦስት ቀን ሙሉ ደግሜ አርሼ፣ ዘሩንም አልብሼ መምጣቴ ነው!» አለኝ።

«እሳቸው ያውቃሉ» አልሁትና በሩን ዘጋሁት።